ሦስት ባለርስት ባንድ ክር

ከሐይፋ ወደብ በላይ፣ ከመሬት በታች ክፍል፣
ውጭው ሐምሌ ሳለ እዚህ ካፖርት ያስደርባል።
ሰርቨሩ እንደ ንብ ቀፎ ሌሊቱን እምም ይላል።
ሥራሽ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ እንዲህ እላለሁ፦
በሌለ መሬት ላይ ወሰን እከልላለሁ።

ክሩ ግን አለ። ከቀርሜሎስ ግርጌ ተነሥቶ
ቤር ሼቫ ድረስ ይሄዳል፣ አስፋልት ሥር ተኝቶ፤
ከጸጉር የቀጠነ፣ ከመስታወት የተፈተለ።
በዚያ ባንዱ ክር ላይ ሦስት ሹም አለ፣
እያንዳንዱም «ብቻዬን ነኝ» ያለ።

ሐኒን የሆስፒታሉ፤ ቫዲም የወደቡ፤
ኦፊር የዩኒቨርሲቲው፣ ቀን ተኝቶ ሌት የሚነቃ፣ ስሌት ነው ቀለቡ።
ስክሪናቸውን ከፍተው ሙሉ አውታር ያያሉ፤
ራውተሩን፣ መንገዱን፣ በሩን «የኔ» ይላሉ።
ውሸት አይደለም። እውነትም አይባል።
ሐኒን መንገድ ሰባት ያለችውን ቫዲም መንገድ ሁለት ይለዋል፤
ትእዛዛቸው ሲመጣ ከመሐል ቆሜ እፈታለሁ፣
አንዱ የዘራውን ሌላው እንዳያርመው እጠብቃለሁ።

አባቴ አዛናው ይህን ስነግረው ሳቀ።
«ምኑ አዲስ ነው» አለ፣ «ይሄ ድሮ የታወቀ!
ባንድ ማሳ ላይ ባለርስት ነበረ፣ ባለጉልት ነበረ፤
አንዱ አረሰ፣ አንዱ አስገበረ፣ አንዱ ባሥራቱ አደረ።
ሦስቱም ‹የኔ› ቢሉ ማንም አልዋሸ።
እኛ ብቻ ነን ‹የኔ› ሳንል ቀኑ የመሸ።»

አለና ዝም አለ። የማረሻ ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤
ላራሽ ሁሉ ብረት ሰጥቶ አፈር የተነፈገ ሰው።
ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይላሉ፤
ባለቤቱን ማን እንደ መዘገበው ግን አይሉ።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣
ሐዴራ አጠገብ አንድ የቁፋሮ ማሽን ክሩን ነከሰው።
ዋናው መንገድ ጨለመ።
የቀረው በአፉላ የሚዞር፣ ጠባብ፣ ያዘገመ።

ሦስቱም ባንድ ትንፋሽ አዘዙ።
ሐኒን፦ የአንጎል ፎቶ፣ ቤር ሼቫ ላለ ሐኪም፣ አሁን።
ቫዲም፦ ክሬኖቹ ኮንቴይነር አንጠልጥለው ቆመዋል፣ አሁን።
ኦፊር፦ ሦስት ቀን የተሰላ ነገር ሊበላሽብኝ ነው፣ አሁን።
ሦስቱም ሙሉውን ጠየቁ፤
ሌላ ጠያቂ መኖሩን አላወቁ።

ሕጉ ተጽፏል፦ ለሆስፒታሉ ግማሽ፣ ለወደቡ ሲሶ፣
ለዩኒቨርሲቲው የተረፈው ቁራሽ ተቆርሶ።
ሶፍትዌሩ ራሱ ይዳኛል፤ እኔን አይጠይቅም።
ፎቶው ግን ከብዷል። ግማሹ አይበቃውም።

አባቴ በሐዳር ሰፈር ሽማግሌ ነው።
ጎረቤቶች በደረጃ መብራት ሒሳብ ሲጣሉ አይቼው፣
ከያንዳንዱ ቂም ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል፤
ከማን ስንት እንደቆረሰ ግን በሆዱ ይይዛል።

ከቫዲም አንድ እፍኝ፣ ከኦፊር ጭብጥ ወሰድኩ፤
ወሰኑን ገፋሁ። ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሌባ ሆንኩ።
ፎቶው አለፈ።
የታማሚውን ስም አላውቅም፤ ይትረፍ አይትረፍም ማንም አልጻፈ።
ወሰኑን መለስኩ፣ ድንጋዩን እንደነበረ፤
የነካሁት ሁሉ ግን መዝገቡ ላይ ቀረ።

ጠዋት ቫዲም ደወለ። «አውታሬ ሌሊት አዝግሟል።
ማን ገባበት?»
መዝገቡን ላክሁለት።
ረጅም ዝምታ። ከኋላው ክሬን ሲጮህ ይሰማል።
«ሌላ ሰው አለ እንዴ እዚህ ላይ?» አለ፣
ጓዳው ውስጥ እንግዳ እንዳገኘ፣ ድምፁ እየዘለለ።

ሐዳር ስደርስ አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ይቀይራል።
ሁሉን ነገርኩት። አንገቱን ሳያዞር ይሰማል።
«ለነሱስ ደረሳቸው» አለ፣ «ላንቺስ ስንት ደረሰሽ?»
«ወሰኑ» አልኩት።
በዚህኛው አልሳቀም። አምፖሉን አዙሮ አጠበቀ፤
እስከ ሦስተኛው ፎቅ፣ የከፈለም ያልከፈለም በር ደመቀ።